ስለ ቍልቢ መንገደኛና ስለ ሆዱ

ለታኅሣሥ 19 ቀን በዓል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቍልቢ ገብርኤል የሚጓዝ ምእመን ለስለቱ የሚሆነውን ጃንጥላና ጧፍ አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ስለ ሆዱ ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከደጋ ወርዶ የአዋሽን ቈላ ካቋረጠ በኋላ እንደ ገና ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ወራቱ ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ ብዙው ሰው በሽሮ የተፈተፈተ እንጀራ ይቋጥራል። በማለዳው ብርድ የተቋጠረው ይህ ስንቅ ቈላው ሲደርስ ይሞቃል፤ ሽታው ባይለወጥ እንኳ የበሽታ ተሐዋስያን ይራቡበታል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ፥ ኀይለኛ ሙቀት ባለበት ስፍራም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲሁ እንዳይቈይ ሐኪሞች ይመክራሉ። እናቶቻችን ለሩቅ መንገድ በሶን፥ ቆሎንና ዳቦ ቆሎን የመረጡት በከንቱ አይደለም፤ እርጥበት በሌለው ነገር ተሐዋስያን ሊራቡ አይችሉምና። ሆኖም በሶው ባልታጠበ እጅና ንጽሕናው ባልታወቀ ውሃ ከተበጠበጠ ጥቅሙ ሁሉ ይቀራል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልንሰውር አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዘን ስንጓዝ ተቅማጥና ትውኪያ ያዘው። እናቱ ውሃ ልታጠጣው ብትል «ይብስበታል» ብለን ከለከልናት፤ መምህር ነንና ቃላችን ተሰማ። ከአንድ ጤና ጣቢያ ስንደርስ የልጁ ዓይን ጐድጕዶ፥ ሲያለቅስም እንባ አጥቶ ነበር። ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቈንጠጥ አድርጋ ብትለቀው ቶሎ አልተመለሰም። «ጋሼ፥ ልጁን የጎዳው ከተቅማጡ ይልቅ ጥማቱ ነው» አለችን። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ታጠጣው ጀመር፤ ማታ ልጁ ዳቦ ጠየቀ። የእናቱን ዓይን ለማየት ግን አፈርን።

በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስላለቀ ነው። ስለዚህ የዚህን ንጥረ ነገር ሁለት ከረጢት መያዝ ይገባል፤ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፥ ከ24 ሰዓት በኋላም የተረፈው ይደፋል። ካልተገኘ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ነው፤ ማንኪያው ልክ እንጂ የተቈለለ አይሁን፥ የበዛ ጨው ይጎዳልና። ልጁ ቢያስታውክ ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ እንደ ገና ቀስ ብሎ ማጠጣት ይገባል፤ የሚጠባም ከሆነ ጡት አይከልከል። በሰገራው ደም ቢታይ፥ ኀይለኛ ትኵሳት ቢነሣበት፥ ወይም መጠጣት እንቢ ቢል ግን ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ስለ ውሃ ካነሣን ዘንድ፥ በመንገድ መጸዳጃ አይገኝም ብለው ይልቁንም እኅቶቻችን ከዋዜማው ጀምረው ጕሮሯቸውን አድርቀው ይጓዛሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ቆሎ የሚቈረጥምና ውሃ የማይጠጣ ሰው ሆዱ ቢደርቅበት ምን ይደንቃል? ሾፌሩን አቁምልን ማለት ነውር አይደለም። በየመንገዱ የሚሸጠው ብርቱካንና ሙዝም እጅን ታጥቦ በገዛ እጅ ልጦ ቢበሉት ሆድን ያለሰልሳል።

የሚጠጣው ውሃ በደጋ አገር ሲፈላ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቈይ፤ በከፍታ ቦታ ውሃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ነውና። ጠበል ለሚቀዳበት ጀሪካንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበትን ትተን አዲስ እንግዛ፥ ከመሄዳችንም በፊት በቤታችን በሳሙና አጥበን ክዳኑን እንግጠም።