ዶሮዋ አልታመመችም፤ ልብሷን እየለወጠች ነው

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በሰሜን ቴክሳስ፣ በሌዊስቪል ከተማ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትም በኅዳር ወር መግቢያ ላይ ልትቸኩል ጥቂት ቀርቷት ነበር። በጓሮዋ አምስት ዶሮዎች አሏት። አንድ ቀን ማለዳ የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍት መሬቱ በላባ ተሸፍኖ አገኘችው። ከሁሉም አብልጣ የምትወዳት ቀይዋ ዶሮ አንገቷ ተመልጦ፣ ጅራቷ ረግፎ፣ ጥግ ይዛ ቆማለች። እንቁላል መልቀም ካቆመች ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፏል።

እናቲቱ ባደገችበት በጎጃም ገጠር የጓሮ ዶሮ ሲጎሳቆል ቶሎ ወደ ልብ የሚመጣው ፈንግል ነው። ፈንግል የገባበት ቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ስልኳን አንሥታ በአገር ቤት ሳሉ በእንስሳት እርባታ ሥራ የቆዩትን ጎረቤቷን ጠራች። «ጋሼ፣ እባክዎ መጥተው ይባርኩልኝ። ጾሙም ሳይገባ፣ ፈንግሉም ሳይጨርሳቸው!»

አዛውንቱ መጡ። ዶሮዋን አገላብጠው አዩ፤ ዓይኗን፣ አፍንጫዋን፣ በክንፏ ሥር ያለውን ቆዳ መረመሩ። ከዚያም «ቢላዋው ይቆይ እህቴ። ይህች ዶሮ አልታመመችም፤ ልብሷን እየለወጠች ነው» አሏት።

እዚህ ለምን ጎልቶ ታየ?

ዶሮ አሮጌ ላባዋን አራግፋ አዲስ የምታበቅለው በተፈጥሮዋ ነው። ቄብ ዶሮ በመጀመሪያው ዓመቷ ብዙ ጊዜ ከዚህ ትድናለች። ዕድሜዋ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን የመጀመሪያውን ሙሉ ለውጥ ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ይደጋገማል። ላባው ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ደረትና ጀርባ፣ በመጨረሻም ወደ ክንፍና ጅራት እያለ ይረግፋል። ጠቅላላው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ አንዳንዷ ግን እስከ 16 ሳምንት ትቆያለች።

ታዲያ በአገር ቤት ዶሮ ያረባ ሰው ይህን ያህል ለምን አላስተዋለውም? ምክንያቱ ፀሐይ ናት። ዶሮ ላባዋን እንድትጥል ዋናው ምልክት የቀኑ ማጠር ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሌዊስቪል ግን በሰኔ ወር ከ14 ሰዓት በላይ የነበረው ብርሃን በታኅሣሥ ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ የአገር ቤት ዶሮ ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ እያለች የምትለውጠውን ላባ የቴክሳስ ዶሮዎች በመጸው ወራት ተከታትለው ያራግፉታል። በዚያ ላይ የአገር ቤቷ ዶሮ ታቅፋ ጫጩት ስታሳድግ እንቁላል ማቆሟ የተለመደ ነውና የላባው ጊዜ እረፍት ለብቻው ጎልቶ አይታይም ነበር።

የተጎሳቆለችው ምርጧ ልትሆን ትችላለች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእርባታ ሙያ የታወቀ እውነት አለ፤ ሰነፏ ዶሮ በበጋው ጀምራ ላባዋን ቀስ እያለች፣ ጥቂት በጥቂት ትጥላለች፤ ብርቱዋ ግን እስከ መጸው መጨረሻ እንቁላል ስትጥል ቆይታ ላባዋን በአንድ ጊዜ ታራግፋለች፤ ቶሎም ትተካለች። እንግዲህ በኅዳር ወር ከሁሉ ይልቅ ራቁቷን የቀረችው ዶሮ ከመንጋው የላቀች እንቁላል ጣይ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። በላባዋ ፈርዶ ለወጥ ያዘጋጃት ሰው የቤቱን ምርጥ ዶሮ በገዛ እጁ አጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በአሜሪካ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ ከ6 ዶላር በላይ መድረሱን ላስታወሰ ሰው ኪሳራው ቀላል አይደለም።

ምን ይደረግላት?

አንደኛ፣ ምግቧ። ላባ 85 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እንቁላል ማቆሟም ስንፍና ሳይሆን ያላትን ፕሮቲን ወደ ላባ ስላዞረችው ነው። የተለመደው የእንቁላል ጣይ መኖ 16 በመቶ ፕሮቲን ይይዛል፤ በዚህ ወቅት ግን ከ18 እስከ 20 በመቶ ያለው መኖ ቢሰጣት ይመረጣል፤ ቁጥሩ በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨው የሌለው ዓሣ፣ የደረቀ ትል በትንሹ ጣል ቢደረግላት ይጠቅማታል። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንደሚባለው በቆሎ ብታገኝ ደስ ይላታል፤ ነገር ግን በቆሎ የሚይዘው ፕሮቲን ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ፣ እሱና የተረፈ እንጀራ ሆዷን ከመሙላት አልፈው ላባ አያበቅሉም። ለእንቁላል ቅርፊት የሚሆነው የዛጎል ስባሪ በሌላ ዕቃ ይቀመጥላት፤ ስትፈልግ ትወስዳለች። ንጹሕ ውኃ ግን መቼም አይጓደል።

ሁለተኛ፣ እጅ ይሰብሰብ። ብቅ የሚለው አዲሱ ላባ እንደ እሾህ የሾለ ሲሆን በውስጡ ደም አለ። ሲነካ ያማታል፤ ከተሰበረም ይደማል። ሌሎቹም ደሙን አይተው እንዳይጠቀጥቋት መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጆች እንዳያቅፏት፣ አዲስ ዶሮም በዚህ ሰሞን መንጋው ውስጥ እንዳይጨመር ይመከራል።

ሦስተኛ፣ ማደሪያዋ። በሰሜን ቴክሳስ ብርዱ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ነው፤ የየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) ውርጭ የሚረሳ አይደለም። ላባ ላጣች ዶሮ የሚያስፈልጋት ደረቅ ጉዝጓዝና ነፋስ የማያገኘው ቆጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ቤቱ ከላይ በኩል አየር ማስወጫ ይኑረው። የማሞቂያ አምፖል ግን ጉዝጓዙን አቀጣጥሎ ቤት እስከ ማቃጠል ሊደርስ ስለሚችል ባይሞከር ይሻላል።

አራተኛ፣ መድኃኒት። ላባ ለለወጠች ዶሮ መድኃኒት አያስፈልጋትም። ለሰው የታዘዘ የጓዳ ክኒን መስጠት ዶሮዋንም እንቁላሏን የሚበላውንም ሰው ይጎዳል። ከሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአሜሪካ ለከብትና ለዶሮ የሚሰጡ፣ ለሰውም ሕክምና ተፈላጊ የሆኑ ፀረ ተሕዋስያን ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሸጡም።

እውነተኛው በሽታስ?

የእናቲቱ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ፈረንጆች ኒውካስል የሚሉት ፈንግል እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ካሊፎርኒያ የጓሮ ዶሮዎች ላይ ተነሥቶ እስከ 2020 ድረስ አስቸግሯል። የወፍ ጉንፋንም ከ2022 ወዲህ በአሜሪካ ብዙ መንጋ አጥፍቷል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ላባ የምትለውጥ ዶሮ ዝምታ ቢበዛባትም ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትራመዳለች፤ በተመለጠው ቦታም እሾህ መሰሉ አዲስ ላባ ይታያል። ዶሮዎች በድንገት ተከታትለው ከሞቱ፣ ፊታቸው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ ከያዛቸው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ አርዶ መብላት ሳይሆን ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለቴክሳስ የእንስሳት ጤና ኮሚሽን መደወል ይገባል። ቆዳው ላይ ቅማል የሚርመሰመስ ከሆነም ሕክምናው የተለየ ነው። ለዕለት ተዕለት ጥያቄ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አግሪላይፍ ኤክስቴንሽን በዴንተን ካውንቲ ቢሮ አለው። ዶሮ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ደግሞ የከተማውን ደንብና የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ዶሮዋም ጾመኛ ናት

አንዳንድ ሰው በዶሮ ቤቱ መብራት አብርቶ ቀኑን ወደ 14 ሰዓት በማስረዘም በክረምትም እንቁላል ያገኛል። አዛውንቱ ግን ለእናቲቱ ይህን አልመከሩም። «ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና እንቁላል አትበዪ፤ ታዲያ እሷንስ ማን ያስቸኩላታል? አብራችሁ ጹሙ» ብለው ቢላዋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እናቲቱም መኖውን ቀየረች፤ ቀዳዳውን ደፈነች፤ ታገሠች። የገናውን ዶሮ ከገበያ ገዛች። ቀይዋ ዶሮ በጥር አዲስ የሚያብረቀርቅ ላባ ለብሳ በጓሮው ትንጎራደድ ጀመር። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ከጎጆው ውስጥ አንድ እንቁላል ተገኘ። ለፋሲካ ወጥ የሚሆኑት 12ቱም ከዚያው ጓሮ ተለቀሙ፤ አዛውንቱም ተጠርተው በሉ።