በጦርነት ዘመን የጭነት መርከብ ላይ የሚቀርብ ሕያው ታሪክ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አሜሪካ ከገነባቻቸው 2,710 «ሊበርቲ» የተሰኙ የጭነት መርከቦች መካከል ከነእንፋሎት ሞተራቸው ተጠብቀው የቆዩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ አንዷ እ.ኤ.አ. በ1942 በባልቲሞር የተሠራችው ጆን ደብሊው ብራውን ስትሆን፣ ዳግም ለጉዞ የበቃችው በበጎ ፈቃደኞች ጥገና ነው። በሕያው ታሪክ ጉዞዎቿ የዘመኑን የደንብ ልብስ የለበሱ ተሳታፊዎች የአየር ጥቃት መከላከልን በትርኢት ያሳያሉ፤ ተኩሱ እውነተኛ ጥይት የለበትም።

ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ግን በታችኛው የሞተር ክፍል የሚከናወነው ሥራ ነው። ዘይት አጠጪው በሚሽከረከሩት ክፍሎች ላይ በየዙሩ እጁን እያሳረፈ ከመጠን በላይ መጋል አለመጋላቸውን ይመረምራል። ይህ ሙያ በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ነባሮቹ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ተተኪዎችን ማፍራት ግድ ነው። ወደ ክፍሉ የሚያወርዱት መሰላሎች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጎብኚዎች የማያንሸራትት ጫማ ቢያደርጉ ይመረጣል።