የሰንጢ ስለትና የካርቱም አሸዋ

በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አረብ ብረት የብረትና የካርቦን ቅይጥ መሆኑን በሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፋለን፤ ተማሪውም ቀድቶ ደብተሩን ይዘጋል። ጥያቄው የሚመጣው ከክፍል ውጭ ነው። እኔን የገጠመኝ ካርቱም ሳስተምር፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመነሣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር። በዴም ሰፈር ከነበሩት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በአንዱ ሥጋ ቆራጭ የነበሩ የተማሪዬ አባት አንድ ሰንጢ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ወንድማቸው ከአሜሪካ የላከላቸው ነው። «መምህር፣ ዋጋው የወር ደመወዜን ያህላል ተብዬ ነበር፤ አሁን ግን ቲማቲም እንኳ አይቆርጥም። ወንድሜን ‹አታለውሃል› ብዬ ልጽፍለት ነው» አሉኝ።

ሰንጢው በዶለዶመ ጊዜ ገበያ ወስደው በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ አስለውት ኖሯል። በጠርዙ ላይ ሰማያዊ ጥላ ይታያል። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወንድምየው አለመታለሉን ለማስረዳት ግን ከሥሩ መጀመር ነበረብኝ።

ስለት የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጠርዙ ሲታጠፍ ወይም ሲሸረፍ ነው፤ አጥንት ወይም የሸክላ ሳህን የነካ ቢላዋ እንዲህ ይሆናል። ሁለተኛው ጠርዙ ቀስ በቀስ ተፍቆ ሲያልቅ ነው። በካርቱም ይህኛው ይበረታል። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣ ቁጥር ደቃቅ አሸዋ በካርቶኑም፣ በገመዱም፣ በአትክልቱም ላይ ይሰፍራል። አብዛኛው አሸዋ ኳርትዝ ነው። የኳርትዝ ጥንካሬ በቪከርስ መለኪያ ከ1,000 በላይ ሲሆን፣ በደንብ የጠነከረ የሰንጢ ብረት ግን ወደ 700 ገደማ ነው። ስለዚህ አቧራ የለበሰ ካርቶን ስንቆርጥ አሸዋው በበኩሉ ብረቱን ይፍቃል። በሼፊልድ ከተማ የሚገኘው የእንግሊዝ የስለት መሣሪያዎች ምርምር ማኅበር፣ ካትራ፣ ባበጀው መሣሪያ የስለት ዕድሜ የሚለካው 5 በመቶ ኳርትዝ ሆን ተብሎ በተጨመረበት ወፍራም ወረቀት ነው። እነርሱ ገዝተው የሚጨምሩትን ካርቱም በነፃ ታድላለች።

የሱዳን ብረት ሠሪዎች ለቢላዋም ሆነ ካስካራ ለሚባለው፣ ሁለት ስለት ላለው ቀጥ ያለ ሰይፍ፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ በተለይ ከሰላ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ምርጫው ብልኅነት አለበት። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ይዟል። ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ከዚያ በመጠኑ መልሶ ሲሞቅ ተሰባሪነቱ ይቀንሳል። በተራ ድንጋይም በጥቂት ደቂቃ ይሳላል። ሆኖም በውስጡ አሸዋን የሚመክት ነገር ስለሌለው ቶሎ ይዶለዱማል።

ከአሜሪካ የመጣው ሰንጢ ላይ «ኤስ30ቪ» የሚል ተቀርጿል። ይህ አረብ ብረት ክሩሲብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከቢላዋ ሠሪው ከክሪስ ሪቭ ጋር ተመካክሮ ያወጣው ነው። 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየምና 2 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። የቀለጠው ብረት በጋዝ ኃይል ተረጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። በዚህ ዘዴ ካርቦን ከቫናዲየም ጋር ተዋህዶ የሚፈጥራቸው ካርባይዶች ደቃቅ ሆነው በብረቱ ውስጥ እኩል ይበተናሉ፤ በኮንክሪት ውስጥ እንዳለ ጠጠር ማለት ነው። የቫናዲየም ካርባይድ ጥንካሬ ከ2,500 ይበልጣል። ኳርትዝ ሊፍቀው አይችልም።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ አሸዋን የመከተ ካርባይድ መሳያውንም ይመክታል። በብዙ መሳያ ድንጋዮች ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ 2,000 ገደማ ነው። የገበያው ሰው ሰንጢው አልሳል ሲለው ሳይጫነው አልቀረም። ጠርዝ ደግሞ ከወረቀት የሳሳ በመሆኑ ሙቀቱ የሚሸሽበት ስፍራ የለውም። ሰማያዊው ጥላ ብረቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቁን ይናገራል፤ በፋብሪካ የተሰጠው ጥንካሬም በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ተበላሽቷል። ከመስመሩ በላይ ያለው ብረት ግን ደኅና ነበር።

ከዚህ በኋላ አልማዝ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ሞረድ ተገኘ። አልማዝ ለማንኛውም ካርባይድ አይበገርም። በእጅ፣ በውሃ፣ ሳንጫን መሳል ጀመርን። ማዕዘኑን ለመጠበቅ የሂሳብ መምህራን የሚወዱት ዘዴ አለ፤ የቢላዋውን ስፋት በማዕዘኑ ሳይን ማባዛት ነው። ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነና በእያንዳንዱ ጎን 15 ዲግሪ ከፈለግን፣ ጀርባው ከሞረዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ለ20 ዲግሪ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእኔ አስተያየት ገዢዎች ስለ ብረቱ ስም የሚጨነቁትን ያህል ስለዚህ ማዕዘን አይጨነቁም፤ ሆኖም ማዕዘኑን ጥቂት ማጥበብ ብዙ ጊዜ ውድ ብረት ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል። አጥንት ለሚነካ ቢላዋ ግን ጠባብ ማዕዘን አይመከርም፤ ይሸረፋል። አንዱ ጎን የሚበቃው በሌላው ጎን ከዳር እስከ ዳር በጣት የሚዳሰስ ስስ የብረት ጭረት ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ይገለበጣል፤ በመጨረሻም ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ እጅን እያቀለሉ ጎን ማፈራረቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተሳለው በማግሥቱ ዶለዶመ፤ የለሰለሰው መስመር ገና አላለቀም ነበርና። ከሦስተኛው በኋላ ሰንጢው ወረቀት በአየር ላይ መቁረጥ ጀመረ፣ ስለቱም ሳምንታት ቆየ። ሰውየው ለወንድማቸው ያሰቡትን ደብዳቤ አልጻፉም። ሥጋውን ግን እስከ መጨረሻው የቆረጡት በባሌስትራ ቢላዋቸው ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ እየሳሉ። ሰንጢው የካርቶንና የጆንያ ገመድ መቁረጫ ሆኖ በኪሳቸው ቀረ።