ካርታው በማን ስም ነው?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የወንጌል አማኞች ሽማግሌዎች ወደ ጠበቃ ቢሮ የሚመጡት ስለ ጥምቀት ወይም ስለ ልሳን ለመከራከር አይደለም። በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይዘው ነው የሚመጡት፤ የኪራይ ውል፣ ለማዘጋጃ ቤት የተጻፈ የቦታ ጥያቄ፣ ያረጀ ቃለ ጉባኤ። የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ አጭር ናት፦ ካርታው በማን ስም ነው?

መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳስባል። ቤቱ የተገዛው ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ ሆኖ ውሉ ላይ ያለው ግን የአንድ ሽማግሌ ስምና ፊርማ ብቻ ይሆናል። ሽማግሌው ሲሞቱ ወራሾች ይመጣሉ። ከጉባኤው ጋር ከተጣሉ ደግሞ ሞትም አያስፈልግም።

ነገሩ የቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለበት። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፍሏት ነበር። ኦርቶዶክስ በሚበዛባቸው እንደ ጎጃም ባሉ አካባቢዎች ሚሲዮኖች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት እንጂ የራሳቸውን እምነት መስበክ አልተፈቀደላቸውም። ወለጋና ወላይታ ሰፋፊ የሚሲዮን ግቢዎችን ሲወርሱ ጎጃም አልወረሰም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶ ሌሎቹን ወደፊት ለሚወጣ ልዩ ሕግ ተዋቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 18 በላይ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በአማራ ክልል አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም።

የቤተ እምነቶቹ አወቃቀር ደግሞ ይለያያል። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ከማኅበረ ምእመናን እስከ ሲኖዶስና ጠቅላላ ጉባኤ በእርከን ትተዳደራለች። ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት የመሯት ቄስ ሳይሆኑ የንጉሡ ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም መሆናቸው ስለ ምእመኑ ድርሻ ብዙ ይናገራል። በቃለ ሕይወት ግን አጥቢያው ሰፋ ያለ ሥልጣን አለው። የጎጃሙ ሽማግሌ ይህን ልዩነት በመተዳደሪያ ደንብ አያውቀውም ይሆናል፤ ስብሰባ መምራት ግን ማንም አያስተምረውም። ዕድር፣ ማኅበርና ሰበካ ጉባኤ አሳድገውታል። ቃለ ጉባኤ ሲጽፍም አጀንዳውን የሚያሰፍረው፣ ፊርማውን የሚያሰባስበው በዚያው ወግ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሥልጠና አይገኝም።

እርግጥ ቤተ ክርስቲያን ያለ ካርታም መኖር ትችላለች። መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ሕንፃዎቿና የባንክ ሒሳቧ ተወሰዱ፤ አባላቷ ግን በየቤቱ እየተሰበሰቡ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ በዙ። ሽማግሌዎቹ ይህን ታሪክ ያውቁታል፤ ጠበቃው ስለ ካርታ አጥብቆ ሲናገርም ይጠቅሱለታል። እውነት አላቸው፤ ሆኖም በስደት ዘመን ያዳነ አሠራር በሰላም ጊዜ ከወራሾች ክስ አያድንም።

ሰላም ከተባለ ነው እንጂ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከገጠር የሚመጣ ተወካይ ምልዓተ ጉባኤ ሊያሟላ አይችልም። አዲስ አበባ ላይ የተረቀቁ ደንቦች «ተወካዮች መምጣት ካልቻሉ ማን ይወስናል?» ለሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ የላቸውም። የሥራ ዘመናቸው ያለቀ ሽማግሌዎች መፈረማቸውን ይቀጥላሉ፤ ሌላ የሚፈርም ስለሌለ።

ከሁሉ የሚከብደው መቃብር ነው። ሰው ሲሞት ደንብ ለማርቀቅ ጊዜ የለም፤ ለቅሶ ደራሹ ደጅ ቆሞ ነው ቦታ የሚፈለገው። በገጠር መቃብሩ የደብሩ ቅጥር ነውና፣ ቤተሰቡ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ኖሮ እንኳ በዚያች ቀን አስታራቂ ይሻል። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበርዱት የዕድር ዳኞችና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

የወንጌል አማኞች ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። በየከተማው ለአባል ቤተ እምነቶች የጋራ መቃብር ቦታ ለመጠየቅ ከእሱ የተሻለ አካል የለም፤ ጥያቄውም ሰው ሳይሞት በፊት ለማዘጋጃ ቤቶቹ ይቅረብ። ሽማግሌዎችም በግለሰብ ስም ያለውን ቤት፣ ፈራሚው በሕይወትና በፍቅር ሳሉ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ያዛውሩ።