ከቦሌ እስከ አምቦ፦ ቤት ውስጥ ለሚበር አውሮፕላን የቱ መሪ ይሻላል?

አምቦ መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሆለታ፣ ጊንጪ፣ ጉደርና ጌዶም እንዲሁ። ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ተነስቶ መብረር የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ በመኪና አዲስ አበባ መግባት አለበት። ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ሲሙሌተር የጫነ ሰው ግን ከአምቦ ቤቱ ሳይወጣ ቦሌ መንደርደሪያ ላይ ይቆማል፤ ሴስና 172 የምትባለውን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ያስነሳና አፍንጫዋን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ቦሌና አምቦ ካርታ ላይ ሲታዩ አንድ የኬክሮስ መስመር ላይ የተቀመጡ ያህል ናቸው፤ ቀጥታ ርቀቱም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ዘግየት ብሎ የራሱን ከተማ ከላይ ያያታል።

ችግሩ የሚጀምረው አውሮፕላኗን በምን እንደሚመራት ሲጠየቅ ነው።

በኪቦርድ መጀመር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን በኪቦርድ ጀምሮ በኪቦርዱ ምክንያት ይተወዋል። የኪቦርድ ቁልፍ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ መሃል የለውም። አውሮፕላን ደግሞ የሚመራው በመሃሉ ነው፤ መሪውን ጥቂት ሳብ፣ ትንሽ ለቀቅ፣ እንደገና ሳብ እየተደረገ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚገዛ ማንኛውም መሣሪያ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ዋና ጥቅሙ የእጅን ትንሽ እንቅስቃሴ በልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ማስተላለፉ ነው።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የበረራ መለማመጃ ሳጥን የሚንቀሳቀሰው በወናፍ ነበር፤ ወናፉን የወሰደው አባቱ የሙዚቃ ኦርጋን ከሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ተማሪው መሪውን ሲስብ ሳጥኑ አፍንጫውን ያነሳል፣ ሲገፋ ይደፋል። ዛሬ ቦሌ ባለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የአየር መንገዱ አብራሪዎች የሚለማመዱባቸው ሲሙሌተሮች የዚያ ሳጥን የልጅ ልጆች ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ በሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። በቤት ደረጃ ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አሁን ከዚያ ተከታታይ በተጨማሪ ኤክስ ፕሌን እና ነፃ የሆነው ፍላይትጊር አሉ።

መሪ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛውን አውሮፕላን ማብረር እንደሚፈለግ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ጥሩ ማሳያ ይሆናል፤ ሁለቱንም ዓይነት አውሮፕላን ያበራልና። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787፣ ቦይንግ 737 እና ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች የሚሄደው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አብራሪው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት እጅ የሚይዘው መሪ አላቸው፤ ዮክ ይባላል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350 ግን ፊት ለፊቱ መሪ የለውም። በምትኩ ከአብራሪው ጎን በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ዘንግ አለ። ካፒቴኑ የሚቀመጠው በግራ ወንበር ስለሆነ ዘንጉን የሚይዘው በግራ እጁ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ዘንጉን በቀኝ እጁ የሚይዝ ሰው፣ ነገሩን አጥብቀን ካየነው፣ ረዳት አብራሪ ሆኖ ነው የሚበረው።

ዮክ ለሴስና እና ለቦይንግ ስሜቱ ትክክል ነው። ሆኖም ትልቅ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ በማሰሪያ ይጠብቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሃኒኮም አልፋ የተባለው ዮክ ልክ እንደ እውነተኛዋ ሴስና ወደ እያንዳንዱ ጎን 90 ዲግሪ ይዞራል። ትረስትማስተር በበኩሉ የኤርባስን የጎን ዘንግ ቅርጽ የያዘ ጆይስቲክም፣ በቦይንግ 787 አምሳል የተሠራ ዮክም ያመርታል።

ለጀማሪ ግን ጆይስቲክ ይበቃል። ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ የሚባለው ለብዙ ዓመታት ገበያ ላይ የቆየ ሲሆን 12 ቁልፎች አሉት፤ እጀታው በራሱ ዙሪያ ስለሚጠመዘዝ የእግር ፔዳልን ሥራ ይሠራል፤ ግርጌው ላይ ደግሞ ሞተሩን የሚያስጮህ ትንሽ ተንሸራታች አለው። ድክመቱ ውስጡ ነው። እንቅስቃሴውን የሚለካው እንደ ድሮ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ እርስ በርስ በሚፋተግ ክፍል ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ያልቃል፤ እጅ ሳይነካው አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን መሳብ ይጀምራል። የትረስትማስተሩ ቲ.16000ኤም በማግኔት ስለሚለካ ዋናው ዘንጉ የሚፋተግ ነገር የለውም፤ በግራም በቀኝም እጅ እንዲያዝ ሆኖ ተሠርቷል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተገኙና የዋጋ ልዩነቱ ከተቻለ ሁለተኛው ይመረጥ።

ምዕራብ ሸዋን ለማየት የሚበር ሰው ግን ከመሪው እኩል ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ቀዩ ዘንግ። ውጭ ሀገር የሚዘጋጁ የግዢ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ የሚጻፉት ባሕር ጠለል አጠገብ ባለ ሜዳ ለሚነሱ ሰዎች ነውና።

በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ዘንጎቹ በቀለም ይለያሉ። ጥቁሩ የሞተሩን ኃይል ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሰማያዊው፣ በሚኖርበት አውሮፕላን ላይ፣ የፕሮፔለሩን ፍጥነት ይወስናል። ቀዩ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን የቤንዚን መጠን ይቆጣጠራል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ እንደ ቆላ ከፈሰሰ ድብልቁ ይወፍራል፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የሴስና 172 መመሪያ ከ3000 ጫማ በላይ ከሆነ ማረፊያ ከመነሳት በፊት ድብልቁ እንዲቀንስ ያዛል። ቦሌ ደግሞ ከ7600 ጫማ ያልፋል። ሲሙሌተሮቹ ይህን ሁሉ ያስመስላሉ። «አውሮፕላኔ ቦሌ ላይ አልነሳ አለ» የሚል ጀማሪ ጆይስቲኩን ከመውቀሱ በፊት ቀዩን ዘንግ ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ የሞተሩ ዙር ከፍ የሚልበትን ቦታ ይፈልግ።

ስለዚህ ባለ ሦስት ዘንግ የኃይል መቆጣጠሪያ ለእኛ ሀገር በረራ ከእግር ፔዳል ይቀድማል። ሎጂቴክ ዮኩን ሲሸጥ ይህን መቆጣጠሪያ አብሮ ይሰጣል። ጆይስቲክ ብቻ ያለው ሰው ሁለት ቁልፎችን መርጦ አንዱን ለመጨመር፣ ሌላውን ለመቀነስ ይመድባቸው። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ድብልቁን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርግ የእገዛ ምርጫም አለው። ለመጀመሪያው ሳምንት መጠቀም አያሳፍርም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢጠፋ ይሻላል።

ጉልበት ማነሱ መንገዱንም ይወስናል። ከቦሌ ወደ አምቦ በቀጥታ የሚሄድ ሰው ከደቂቃዎች በኋላ ከ3300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የወጨጫ ተራራ ፊት ለፊቱ ያገኘዋል፤ ሴስና 172 ደግሞ ከቦሌ ከፍታ ላይ ተነስታ እስከዚያ ድረስ ለመውጣት ጊዜ ይፈጅባታል። ብልኃቱ የአምቦን አስፋልት መከተል ነው። በስተሰሜን እንጦጦን፣ በስተደቡብ ወጨጫን አድርጎ በገፈርሳ ውኃ በኩል ማለፍ፤ ከዚያ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ። ከገፈርሳ ወዲያ መሬቱ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ በረራው ይቀላል። ከጊንጪ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጎራ ያለ ሰው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያላቸውን የደንዲ ሐይቆች፣ ጥቂት አለፍ ሲል ደግሞ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበትን ወንጪን ያያል። የወንጪ ሐይቅ ያለው የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን በዝቅታ ለመዞር መሪውም እጁም በደንብ የተግባቡ መሆን አለባቸው።

መግባባቱ የሚመጣው ከማስተካከያው ነው። አንድ ጥሩ ጆይስቲክ ካልተስተካከለ ከርካሹ ይብሳል።

በመጀመሪያ ከሲሙሌተሩ በፊት ዊንዶውስ መሣሪያውን በትክክል ማየቱ ይረጋገጥ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ጆይ ዶት ሲፒኤል» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ የሚከፈተው ትንሽ መስኮት የእያንዳንዱን ዘንግ እንቅስቃሴ ያሳያል። ዘንጉ ሲለቀቅ ምልክቱ መሃል ላይ መቆም፣ ሲገፋ ጫፍ መድረስ አለበት። እዚያ ካልሠራ ሲሙሌተሩ ውስጥ መድከም ከንቱ ነው።

ቀጥሎ የሚያበሳጨው የድርብ ምደባ ጉዳይ ነው። ሲሙሌተሮች አዲስ መሣሪያ ሲሰካ በራሳቸው ግምት ሥራ ይመድቡለታል። የፕሌይስቴሽን ወይም የኤክስቦክስ መጫወቻ አብሮ ከተሰካ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሞተሩን ያዛሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑም ያበደ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የማያስፈልገውን መንቀል፣ ከዚያም አንድ ሥራ ከአንድ መሣሪያ በላይ እንዳይመደብለት ዝርዝሩን አንድ በአንድ ማየት።

ከዚያ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለው ገጽ ይመጣል። እዚህ ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። ዘንጉ መሃሉ ላይ ሆኖ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምላሽ የማይሰጥበት ክልል በጥቂት ፐርሰንት ይከፈትለት፤ አዲስና በማግኔት የሚሠራ ከሆነ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቀጥ ያለው የምላሽ መስመር መሃሉ ላይ ለስለስ እንዲል ጎበጥ ይደረግ። የጆይስቲክ ዘንግ ከእውነተኛው መሪ በጣም አጭር ስለሆነ የጣት ስፋት ያህል እንቅስቃሴ ትልቅ ትእዛዝ ይሆናል፤ ጉብጠቱ ያንን ይክሳል። አብዝቶ ማጉበጥ ግን ሌላ ችግር ያመጣል፤ መሃሉ ላይ የተኛው አውሮፕላን ጫፉ ላይ በድንገት ይነቃል።

ብዙ ሰው የማይመድበውና ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ትሪም ነው። እውነተኛ አብራሪ አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲቀይር መሪውን ይዞ አይታገልም፤ ትሪሙን በማዞር ጫናውን ከእጁ ላይ ያነሳል። የቤት ጆይስቲክ በስፕሪንግ ሁልጊዜ ወደ መሃል ስለሚመለስ ጫናውን አያሳይም። ስለዚህ አውራ ጣት በቀላሉ የሚደርስባቸው ሁለት ቁልፎች ለትሪም ይሰጡ፤ አፍንጫው በሚፈለግበት ቦታ ተይዞ፣ ትሪሙ ጥቂት በጥቂት እየተነካ፣ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ኤርባስ ኤ350 ላይ ይህን ኮምፒውተሩ ስለሚሠራው የስፕሪንግ ጆይስቲክ ከኤርባስ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ቀላል መሣሪያ ያለው ጀማሪ ኤርባስ ላይ «ጎበዝ ሆንኩ» ብሎ ሴስና ላይ የሚያፍረው ለዚህ ነው።

ስለ ወንበርም አንድ ነገር። የእግር ፔዳል የገዛ ሰው ባለ ጎማ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። ተራ የእንጨት ወንበር ይሻላል፤ ፔዳሉም ግድግዳ ተደግፎ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ገንዘብ ያጠረው፣ እጁ ግን የተፍታታ ሰው ፔዳሉን ራሱ መሥራት ይችላል። አርዱኢኖ ሊዮናርዶ የምትባለው ትንሽ ሰሌዳ በዩኤስቢ ስትሰካ ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ እንዲቀበላት ማድረግ ይቻላል፤ አንድ የድምፅ ማስተካከያ ዓይነት ፖቴንሽዮሜትር ከእንጨት ፔዳል ጋር ታስሮ ሲገናኝ እንቅስቃሴውን በ1024 ደረጃ ታነባለች። ለእግር ከበቂ በላይ ነው። እንደ አምቦ ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም ያለበት ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት ከተማ ሰሌዳውን የሚያውቅ ተማሪ አይጠፋም። የሀገራችን የበረራ ፍቅር እጅ ያለው ነው፤ ጤና ያጠናው አስመላሽ ዘፈሩ መጻሕፍት እያነበበና ቪዲዮ እያየ በቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ገጣጥሟል፤ ፔዳል ከዚያ አይከብድም።

አዲሱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር መልክዓ ምድሩን ከኢንተርኔት እየሳበ ስለሚያሳይ የሞባይል ዳታ ይበላል። ኤክስ ፕሌንና ፍላይትጊር የምዕራብ ሸዋን ካርታ አንዴ ካወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል።

ጆይስቲክ ወይም ዮክ ሊገዙ ያሰቡ አንባቢዎች፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ያሰኩት። ከላይ የተጠቀሰውን መስኮት ከፍተው ዘንጉን እስከ ጫፍ ወስደው ይልቀቁት፤ ይህንን በአራቱም አቅጣጫ ይድገሙት። ምልክቱ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ካልተመለሰ፣ ወይም እጅ ሳይነካው ከተንቀጠቀጠ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይግዙት።