«ቢፈልጉ ኖሮ ይተዉት ነበር»

ስለ ተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ቢፈልጉ ኖሮ ይተዉት ነበር» ሲባል እንሰማለን። በመምህርነት ላይ በነበርንባቸው ዓመታት እኛም ይህንኑ እንል ነበር። የድርጊቱ ሐራምነት በኡለሞች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ዛሬ የምናነሳው እሱን አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ዝንባሌው ያለባቸው ሰዎች መለወጥ ይፈልጋሉ? ቢፈልጉስ ይሆንላቸዋል?

የሚፈልጉ መኖራቸው አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ «ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል» የተባለ የክርስቲያኖች ድርጅት ተመሠረተ። እምነታቸውን ከስሜታቸው ያስቀደሙ ብዙ ሰዎች በጸሎትና በምክር ለመለወጥ ወደዚያ ሄዱ። ሆኖም በ2012 የድርጅቱ መሪ አለን ቻምበርስ ካገኟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ በይፋ ተናገሩ። ራሳቸውም ሚስት አግብተው እየኖሩ ስሜቱ እንዳልጠፋ አመኑ። በ2013 ይቅርታ ጠይቀው ድርጅቱ ተዘጋ።

«መለወጥ ይቻላል» ለሚሉት ትልቁ ማስረጃ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ የሮበርት ስፒትዘር ጥናት ነው። በ2003 የታተመው ይህ ጥናት 200 ሰዎች በስልክ በሰጡት ቃል ላይ የተመሠረተ ነበር። ሐኪሙ በ2012 ቃላቸው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ እንዳልነበረው ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ።

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረጉ ጥረቶች የመሳካት ዕድላቸው አነስተኛ እንደሆነና ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ደምድሟል። አንዳንዶች ግን ስሜታቸው ባይለወጥም ድርጊታቸውን መቆጣጠር እንደቻሉ ሪፖርቱ ጠቅሷል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ነፍስን ከአቅሟ በላይ እንደማያስገድድ እናምናለን። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራበት ድረስ በልቡ በሚመላለሰው እንደማይያዝ አስተምረውናል። ስለዚህ ልብ ውስጥ ያለ ስሜት ፈተና ነው፤ ተጠያቂነቱ የሚመጣው በሥራ ነው። ስሜቱን ታግሎ ራሱን የጠበቀ ሰው በትዕግሥቱ አጅር ይጠበቅለታል እንጂ በፈተናው አይነወርም።

እንግዲህ አንድ ወጣት አልቅሶ ምስጢሩን ቢነግረን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ምስጢሩን እንጠብቅ፤ የሙስሊም ወንድምን ነውር መሸፈን ግዴታችን ነውና። ሁለተኛ፣ አንደብድበው፣ ከቤትም አናባረው። ሦስተኛ፣ «በዚህ ይለቅሃል» እያልን ገንዘቡን ለሚበሉ ሰዎች አሳልፈን አንስጠው። አራተኛ፣ «ይዳርና ይተወዋል» ብለን ምንም የማታውቅ የሰው ልጅ የፈተናው መሞከሪያ አናድርግ፤ እሷም አማና ናት።

ወንድማችን ዱዓ አድርጎ፣ ጾሞ፣ አልቅሶም ስሜቱ ካልጠፋ «ስላልፈለግክ ነው» አንበለው። ምናልባት ከማናችንም በላይ የፈለገው እሱ ነው።

ወላሁ አዕለም።