በስልክ ጨዋታ እንጀራ ይበላልን?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ወንበር ላይ ጥሎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አቀርቅሮ ሲቀር ስንት ጊዜ አይተውታል? «ና ምሳ ብላ» ቢሉት «እማዬ፣ ይኼ ጨዋታ እስኪያልቅ» ይላል። ወጡም ይቀዘቅዛል፤ ጨዋታውም አያልቅም።

በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ጎረቤቴ ሰሞኑን ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ትምህርቱን ትቶ የስልክ ጨዋታ ተጫዋች ለመሆን መቁረጡን ነግሯታል። «በሌላ አገር በሊግ ይጫወታሉ፣ ደመወዝም ይከፈላቸዋል ይለኛል። አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትሠሪ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ፤ በዚህ እንጀራ ይበላበታል ወይስ ልጄ እያታለለኝ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው የእርሷ ብቻ ባለመሆኑ መልሱን በዚህ ዓምድ ማቅረብ መረጥሁ።

በቅድሚያ ልጁ አልዋሸም። ሥራው አለ። ለምሳሌ ያህል ፊሊፒንስን እንውሰድ። በዚያች አገር በእጅጉ ከተለመዱት የስልክ ጨዋታዎች አንዱ «ሞባይል ሌጀንድስ» ይባላል። የቻይናው ሙንቶን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። አምስት ተጫዋቾች ከሌሎች አምስት ጋር ይገጥማሉ። እያንዳንዱ አንድ ተዋጊ ይመራል፤ የተቃራኒውን ወገን ማማዎች አፍርሶ በመጨረሻ ዋናውን ሰፈር የደመሰሰ ቡድን ያሸንፋል። ከጨዋታው በፊት ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ ተዋጊ ይመርጣሉ፤ ተቃራኒያቸው እንዳይጠቀምባቸው የሚፈልጓቸውንም ያግዳሉ። ስለዚህ ነገሩ የጣት ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ እንደ ገበጣ የባላጋራን ሐሳብ ቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል።

የዚህ ጨዋታ ሊግ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጀመረ። በፊሊፒንሱ ሊግ ስምንት ቡድኖች ይወዳደራሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ ሁለት ጨዋታ ቀድሞ የረታ ግጥሚያውን ይወስዳል። ከስምንቱ ስድስቱ ወደ ማጣሪያው ያልፋሉ። ለዋንጫ የሚደርሱትም ለዓለም ሻምፒዮና ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2019 በኩዋላ ላምፑር ተደርጎ የኢንዶኔዥያ ቡድን አሸነፈ፤ ቀጥለው የመጡትን አምስት ዋንጫዎች የወሰዱት ግን የፊሊፒንስ ቡድኖች ናቸው። በ2024 መጨረሻ በተደረገው ሻምፒዮና ለቡድኖቹ የተከፋፈለው ሽልማት በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስምንት ቡድን በአምስት ሰው ሲባዛ አርባ ይሆናል። ከ110 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር በዋናው ሊግ በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት ቋሚ ተጫዋቾች አርባ ብቻ ናቸው ማለት ነው። ተጠባባቂዎች ቢጨመሩም ቁጥሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚሁ ላይ የሊጉ ቦታ የቡድን ባለቤቶች በገንዘብ የያዙት በመሆኑ፣ እንደ እግር ኳስ ከታችኛው ዲቪዚዮን አሸንፎ ወደ ላይ መውጣት የለም።

ሌላም ልዩነት አለ። እግር ኳስን ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም፤ ኳስ ከጨርቅም ተሠርታ በየሰፈሩ ትንከባለላለች። የስልክ ጨዋታ ግን ባለቤት አለው። ኩባንያው ሕጉን ይለውጣል፣ የተዋጊዎቹን ኃይል ይጨምራል ይቀንሳል፣ ቢፈልግም ሊጉን ይዘጋል። ተጫዋቹ ዓመታት የደከመበት ሙያ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰውስ መንገድ ምን ይመስላል? በጨዋታው ውስጥ የማዕረግ ደረጃዎች አሉ። ከፍተኛው «ሚቲክ» ይባላል። ልጅዎ «ሚቲክ ደረስሁ» ብሎ ቢፎክር አይደነቁ፤ ወደዚህ ደረጃ የሚደርሱት እጅግ ብዙ ናቸው፤ በር ማንኳኳት እንጂ መግባት አይደለም። ከዚያ ወዲያ ቋሚ ቡድን መሥርቶ በትናንሽ ውድድሮች መታወቅ፣ ቀጥሎም ለታዳጊ ተጫዋቾች በተቋቋመው ሊግ መመረጥ፣ በመጨረሻም የቡድን ፈተና አልፎ ውል መፈረም ይከተላል። ውል የፈረመውም እንደ ልቡ የሚጫወት እንዳይመስልዎ። ብዙዎቹ በቡድን ቤት አብረው ይኖራሉ፤ በአሠልጣኝ ሥር ሆነው ቀኑን ሙሉ ከሌሎች ቡድኖች ጋር ልምምድ ይገጥማሉ፤ የተሸነፉበትን ጨዋታ እየመላለሱ ያያሉ። የሥራው ዕድሜም አጭር ነው፤ ብዙዎች ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ ቦታቸውን ለታናናሾቻቸው ይለቃሉ።

ስለ ሴት ልጆችስ? በዚህ ጨዋታ የሴቶች ዓለም አቀፍ ውድድርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በሪያድ በተደረገው ውድድር የፊሊፒንስ ሴቶች ቡድን አሸናፊ ሆኗል። ነገር ግን የሴቶቹ ሽልማት በጠቅላላው 500 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ የወንዶች ቡድኖች የተወዳደሩበት ሽልማት 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በአዲሱ ሙያም የሴቷ ላብ ዋጋው እንዳነሰ ነው።

እንግዲህ እናት ምን ታድርግ? ስልኩን ነጥቆ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ መፍትሔ አይደለም፤ ልጁ ከጓደኛው ተውሶ ይጫወታል። ዝም ብሎ መተውም ጉዳት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ከቆዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ቻይና ከ2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በመረብ ላይ እንዲጫወቱ የፈቀደችው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ማታ አንዳንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ አጠገቡ ይቀመጡና ይጠይቁት። ደረጃህ ስንት ነው? ቋሚ ቡድን አለህ? በየትኛው ውድድር ተጫውተህ ምን ውጤት አገኘህ? ሙያው ቢያበቃ ምን ትሠራለህ? መልስ ያለው ልጅ ይመልሳል፤ የሌለው ግን ራሱ ያስብበታል። የመጫወቻ ሰዓቱንም ከጥናትና ከእንቅልፍ በኋላ አብራችሁ ወስኑ። «ቡድን ውስጥ ላስገባህ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ይጠንቀቁ፤ እውነተኛ ቡድን ለተጫዋቹ ይከፍላል እንጂ አያስከፍለውም። ደግሞም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰም። በውል ጉዳይ የሚወክሉት ወላጆቹ ወይም ሞግዚቱ ናቸውና ሳያነብቡ አይፈርሙ።

ጎረቤቴ እነዚህን ጥያቄዎች ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስንገናኝ «ቡድንም ውድድርም የለውም፤ የፈራው የሒሳብ ፈተናውን ነው» አለችኝ። ልጁ ወድቆ እናቱን ከማሳፈር ይልቅ ራሱ ትምህርቱን መተውን መርጦ ነበር። አሁን ማታ ማታ የሒሳብ ትምህርት ከሚያስጠናው የሰፈር ተማሪ ጋር ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ ይጫወታል።

አዎን፣ በስልክ ጨዋታ እንጀራ ይበላል። ምጣዱ ግን አንድ ነው፤ ወረፋውም ረጅም። ልጅዎ ወረፋውን ቢይዝ እንኳ ደብተሩን ከእጁ እንዳይጥል ያድርጉ።